ቀጋ በጂን

ምንም አልሆንኩም። ዝም ብሎ ደብሮኛል። መብራት ጠፍቷል፣ ታኅሣሥ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ፣ ሻማ ለኩሼ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ጠርሙስ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። ለገና ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ጾም መሆኑንም አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ቀምሼው ስለ ጣዕሙ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ያመጣችው የእንግሊዟ እህቴ ናት። እዚያ ስሎ የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ አለ። ፍሬው ጥቁር፣ ድንቡል ያለ፣ ጥሬውን ሲበሉት አፍ የሚያኮማትር ነው። ውርጭ ከመታው በኋላ ይለቅሙትና ከስኳር ጋር ጂን ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ውርጩ ልጣጩን ስለሚያላላው ጭማቂው ቶሎ ይወጣል። አሁን አሁን ግን ብዙዎቹ ውርጭ አይጠብቁም፣ ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል አለችኝ። እኔ በሆዴ፣ ውርጭ እንደሆነ እኛ ጋ ሞልቷል አልኩ። ማታ ደጅ ማሳደር ነው። እሾሃም ፍሬም ከተባለ ቀጋ አለን።

ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ወጣ ብዬ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ለቀምኩ። እጄ እስካሁን ጭረት በጭረት ነው። ቀጋ እየበላ ያደገ ሰው ውስጡ ያለውን ፀጉር አይረሳም። እኔም አልረሳሁትም፣ ሰነፍኩ እንጂ። አንድ በአንድ ለሁለት ሰንጥቆ ዘሩንና ፀጉሩን በማንኪያ ጫፍ መፋቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ በሥርዓቱ ፋቅኩ። የቀሩትን ሰንጥቄ ብቻ ወረወርኳቸው። ኋላ በነጠላ ይጣራል ብዬ።

ከዚያ አንድ ጠርሙስ ጂን ገለበጥኩበት። ፍሬው በደንብ መጥለቅ አለበት፣ ከላይ የተጋለጠው ይበላሻል። ስኳር አንድ ብርጭቆ። ክዳኑን ጥብቅ፣ ጨለማ ቦታ፣ በየቀኑ ነቅነቅ። ሙያው ይኼው ነው።

ባለፈው እሑድ እማዬ መጥታ አየችው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጂን።»

«በስመ አብ! እሱን ቤትሽ አስቀምጠሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

እያማተበች ክዳኑን ከፈተችና አሸተተችው። «ኧረ ይኼ ጥድ ጥድ ይላል» አለች። ልክ ናት። ጂንን ጂን የሚያሰኘው የጥድ ፍሬ ነው። ስሙ ራሱ ሆላንዶች ዬኔቨር ከሚሉት መጠጥ የመጣ ነው፣ እሱም ከጥድ ስም። የነሱ ጥድ ግን እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድ ግዙፍ አይደለም፤ ቁጥቋጦ ብጤ ነው፣ ዝርያውም ሌላ ነው። መርዝ ያለው የጥድ ዓይነትም ስላለ ከግቢ ለቅማችሁ እንዳትሞክሩ።

«በስንት ትሸጪዋለሽ?» አለችኝ ቀጥላ።

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ያደክምሻል?»

ለመዝናናት ነው ልላት ነበር። አፌ ላይ ቀረ። ለዚያች ሴት እንዲህ ማለት ይከብዳል። ሦስታችንንም በአረቄ ነው ያሳደገችን። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ድፍድፉን ትጥዳለች። መጋጠሚያውን በጭቃ ትመርጋለች። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ውኃው ሲሞቅ መቀየር የኔ ሥራ ነበር። እሷ ደግሞ በየመሀሉ ጠብታ ወደ እሳቱ ጣል ታደርጋለች። ቦግ ካለ ጥሩ ነው። ቦግ ማለቱን ሲተው «በቃ፣ ከዚህ ወዲያ ውኃ ነው» ትላለች። ሌላ መሣሪያ የላትም።

ለካ እሷም ትዘፈዝፍ ነበር! ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ኮሶ። ጉንፋን የያዘው፣ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ እየመጣ በመለኪያ ይጠጣል። ጠርሙሶቹ ጥግ ላይ ተደርድረው ነበር። ፎቶ ያነሳቸው የለም።

እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ደብተሬን የምገልጠው ከሰው ፈንጠር ብዬ ነበር። አረቄ አረቄ የሚሸት ይመስለኝ ነበር። ምናልባት አይሸትም። አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል የወላጅ ሥራ የሚል ቦታ ላይ «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ውሸትም አይደል፣ ትሸጣለች። እማዬ ማንበብ አትችልም። ግን ፎርሙን አስፈርሚ ተብዬ ወደ ቤት ይዤው ሄጃለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ሁሉን ነገር ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። አንብቦላት ይሆን? ጣቷን ቀለም ነክራ ዝም ብላ አተመችበት። ያን ቀን ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ ጣቷ ብቻ ነው።

ያችው ልጅ ናት እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጣ ሰባት ጊዜ ፎቶ ያነሳችው። ቀዩ ቀለም በፀሐይ እንዲያበራ። ለእህቴ ስልክ፣ ለጓደኞቼ ስልክ፣ ለሁሉም ላኩት። «ራሴ ነኝ የሠራሁት» ብዬ። ምኑን? ጂኑን ከሱቅ ገዝቼ!

እማዬ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። እንግዲህ አንድ ነገር ልትለኝ ነው ብዬ ልቤ ድው አለ።

«በነጠላ እንዳታጠሪው» አለችኝ። «የቀጋ ፀጉር ያልፋል። ወፍራም ጨርቅ ፈልጊ።»

ስለ ጣዕሙ ልጽፍ ነበር ለካ የተቀመጥኩት። ሁለት መለኪያ ጠጥቻለሁ። በነጠላ አጥርቼ። ጣዕሙን እንጃ፣ ጉሮሮዬን ግን እየበላኝ ነው።