ቅጹ ያላየው ቁስል

ለአዋቂዎች የቤት ለቤት እንክብካቤ በሚሰጥ አንድ ድርጅት ውስጥ የጥራትና የደኅንነት ኃላፊነትን ስረከብ፣ በመጀመሪያ የሠራሁት መመሪያ መጻፍ ነበር። ለሆስፒታል ክፍሎች ከተዘጋጁ ደንቦች ይጠቅማል ያልሁትን ሁሉ ሰብስቤ፣ ለእያንዳንዱ ተግባር ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ያለው የዕለት ቅጽ አዘጋጀሁ። ለሦስት ወራት ያህል ቅጾቹ አንድም ሳጥን ሳይጎድልባቸው ይደርሱኝ ስለነበር ሥራው መስመር የያዘ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ መነሳት የማይችሉ አንዲት እናት ተረከዛቸውና መቀመጫቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣባቸው። ቤታቸው ሄጄ ማኅደራቸውን ስገልጥ፣ «በየ2 ሰዓቱ ጎን ተቀይሯል» በሚለው መስመር ላይ ሁሉም ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። ተንከባካቢዋን ለብቻዋ ሳነጋግራት ምንም ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ እሷ በዚያ ቤት የምትቆየው በቀን 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅጹ «አልተደረገም» ለማለት ቦታ አልነበረውም፤ ባዶ የተተወ ሳጥንም ሥራዋን ያሳጣት እንደሆነ ፈርታለች። ይህንን ጥፋት እሷ ላይ መጫን አልችልም ነበር። በሆስፒታል ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ነርስ አለ፤ በቤት ውስጥ ግን ቀሪውን 20 ሰዓት የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው፤ ያ ሁሉ ገጽ ያለው መመሪያዬ ደግሞ ለቤተሰብ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልነበረውም።

አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉት ሐኪም እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በአደረጃጀት፣ በአሠራር ሂደትና በውጤት በኩል እንደሚመዘን አስረድተዋል። የእኔ ቅጽ የሚመዝነው ሂደቱን ብቻ ነበር፤ ያውም ተደረገ የተባለውን እንጂ የተደረገውን አልነበረም። የተገልጋዩ ቆዳ፣ ክብደት፣ እንቅልፍና ስሜት በየትኛውም ገጽ ላይ አይታዩም ነበር።

ስለዚህ ከእኒያው እናት ቤት ጀመርን። ከልጃቸውና ከነርሷ ጋር ተቀምጠን 24ቱን ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ዘርግተን፣ በየትኛው ሰዓት ማን ከጎናቸው እንደሚሆን ጻፍን። ጎን የሚቀየርበትን የጊዜ ርቀት ነርሷ የቆዳቸውን ሁኔታና የፍራሹን ዓይነት አይታ እንድትወስን አደረግን፤ ልጃቸውም ትራስ ደግፋ በ30 ዲግሪ ያህል ማዘንበልንና ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ከባት በታች መደገፍን ተማረች። የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ምልክት የሆነው መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ ስለማይለይ፣ መሞቅን፣ መጠንከርንና ከአካባቢው የተለየ ቀለምን በእጅም በዓይንም መፈለግ እንደሚገባ ለሁሉም ተንከባካቢዎች አሳየን። ይህ የመጨረሻው በቀድሞው መመሪያዬ ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲሱ ቅጽ ከቀድሞው አጥሯል። ለእያንዳንዱ ተግባር «ተደርጓል»፣ «አልተደረገም» እና «ለምን» የሚሉ ቦታዎች አሉት፤ ከታች ደግሞ ተንከባካቢው ዛሬ ያየውን አዲስ ነገር በራሱ ቃል የሚጽፍበት ባዶ መስመር አለ። ብዙ የተማርኩት ከዚህ ባዶ መስመር ነው። አንዲት ተንከባካቢ «ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ» ብላ ስለጻፈች፣ ነርሷ የተገልጋዩን የደም ግፊት ተኝተው እንዳሉ፣ ከቆሙ ከ1 ደቂቃ በኋላና ከ3 ደቂቃ በኋላ ለካች፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር ተኝተው ከነበረው ከ20 በላይ ቀንሶ ነበር፤ ይህም አዙሮ ሊጥላቸው ይችላል። ሐኪማቸው መድኃኒታቸውን ያስተካከሉት ከመውደቃቸው በፊት ነው።

የመድኃኒት ስህተት በብዛት የሚያጋጥመን ተገልጋዩ ከሆስፒታል በሚመለስበት ቀን ነበር። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት የንግድ ስሞች ቤት ውስጥ ተገኝቶ ሁለቱም ሲሰጥ አይተናል። አሁን አንድ ሰው ወደ ቤት በተመለሰበት ዕለት፣ ነርሷ በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር በመጠሪያ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ታመሳክራለች፤ ያልገባትን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ደውላ ሳታጣራ ምንም አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ስህተቱን የሚናገር ሰው ካለ ነው። ስለዚህ የስህተትና የ«ለጥቂት ተረፍን» ሪፖርቶች ከደመወዝና ከቅጣት ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖራቸው በጽሑፍ አስወሰንሁ። በቀጣዮቹ ወራት የሪፖርቱ ብዛት ጨመረ፤ አመራሩም አገልግሎቱ እየተበላሸ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀድሞም የነበረው አሁን መታየት እንደጀመረ ለማስረዳት ብዙ ስብሰባ ወስዶብኛል።

ደኅንነትን ለመጠበቅ ስንል የሰውን ፈቃድ የረገጥንበትም ጊዜ ነበር። ብቻቸውን መታጠብ የሚፈልጉ አንድ አባት ይወድቃሉ ብለን ስለከለከልናቸው ጨርሶ መታጠብ አቆሙ። በኋላ ከእሳቸው ጋር ተነጋግረን የማያንሸራትት ምንጣፍና የእጅ መያዣ ገባ፤ የውኃው ሙቀት ቀድሞ ይለካል፤ በሩ አይቆለፍም፤ ተንከባካቢውም ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። የቀረውን አደጋ አውቀው እንደተቀበሉት በራሳቸው ቃል ተመዝግቧል።

ገና ያልፈታሁት የሌሊቱን ጉዳይ ነው። የእኒያ እናት ቁስል ከወራት በኋላ ቢድንም፣ በየሌሊቱ እየተነሳች የምታገላብጣቸው ልጃቸው ናት፤ እሷን የሚያሳርፋት ሰው ደግሞ እስካሁን በውላችን ውስጥ የለም። ለጊዜው ነርሷ በየጉብኝቱ ልጅቷ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሳና ምን ያህል እንደምትተኛ ጠይቃ፣ መልሱን በእናቲቱ ማኅደር ውስጥ ከቆዳቸው ምርመራ ጎን ትጽፈዋለች።