ለቴስታታው የከፈልነው ቀብድ

የድርጅታችን ቶዮታ ሚኒባስ ከሸዋ ሮቢት ሲመለስ ጣርማበር ዳገት ላይ ውሃ አፈላ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ። ጣርማበር አናቱ ላይ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰውና ዕቃ የጫነ መኪና ከደብረ ሲና ወዲህ ያለውን ጥምዝምዝ የሚወጣው በከባድ ማርሽ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ቀድሞ ከላላ ውሃው እዚያ ያልቃል። ሾፌራችን ወዲያው አቆመ፤ ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ግን አልተረፈም። ተጎትቶ ደብረ ብርሃን ገባ። ጋራዥ ውስጥ ሲፈታ በቫልቮቹ መሃል ተሰንጥቆ ተገኘ።

እኔ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ቴስታታና ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል የሚነጠፈው ማሸጊያ) ማምጣት የኔ ሥራ ሆነ።

ከተማው ውስጥ ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ዕቃውን አልያዙም። አንድ ነጋዴ ግን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አመጣለሁ አሉ። በከተማው ስማቸው ጥሩ ነው። ዋጋውን ነገሩኝና “ሙሉውን ዛሬ ላክ፣ ነገ በመኪና ጭኜ አስመጣልሃለሁ” አሉኝ። ሥራ አስኪያጃችንም ቸኩለው ነበር። መኪናው ቆሞ በዋለ ቁጥር ለሠራተኛ ማመላለሻ ኪራይ እንከፍላለን። “ላክላቸውና ይምጣ” አሉ።

እኔ ግን ሙሉውን መላክ አልፈለግሁም። ነጋዴውን ስለጠረጠርኩ አይደለም። የጋራዡ ደንበኛ የሆነ አንድ የታክሲ ባለንብረት የደረሰበት ገና ትኩስ ስለነበር ነው። እሱም እንደኛው ቸኩሎ ነበር። በሰው በሰው ያገኘው አንድ ደላላ የፖምፓ ፎቶ ላከለት፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር። ሙሉውን በቴሌብር ላከ። ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ የወጣው ስም ደላላው ከነገረው ስም ጋር አይገጥምም። ሲጠይቀው “የወንድሜ ስልክ ነው” ተባለ። ብሩ ከገባ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ፖሊስ ጋ ሲሄድ በእጁ የነበረው የብሩ መላኪያ መልእክትና የፖምፓው ፎቶ ብቻ ነው። ለምን ዕቃ፣ በምን ስምምነት እንደተከፈለ የሚናገር አንዲት መስመር የለውም።

እንግዲህ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። “ጋሼ፣ ሲሶውን ቀብድ ልክፈል፣ ቀሪውን ዕቃው እዚህ መጥቶ መካኒካችን ሲያየው” አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። “አታምነኝም እንዴ? በዚህ ከተማ ስንት ዓመት ነግጄ!”

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ከዋጋው በላይ ይሉኝታው ይከብዳል። የምታውቃቸውን፣ ለቅሶ ላይ የምታገኛቸውን፣ ልጃቸው ከልጅህ ጋር የሚማርን ሰው “ወረቀት እንጻፍ” ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኔ ግን ወረቀቱ ጨዋውንም ነጋዴ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ዕቃው ሲበላሽ የሚነሳው ጠብ ማን ምን እንዳለ ካለማስታወስ ነው የሚመጣው። ይህንኑ ነገርኳቸው። “ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ። አዲስ አበባ ያለውን ሻጭ ግን እኔም እርስዎም አናየውም።”

ትንሽ ዝም አሉና እውነቱን ተናገሩ። እሳቸውም ለሶማሌ ተራው ነጋዴ ሙሉውን ከፍለው ነው የሚያስመጡት። ሲሶ ብቻ ከያዙ ቀሪውን ከኪሳቸው ሊሞሉ ነው። ችግራቸው ተገቢ ነበር። ቀብዱ ግማሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እኔማ ሲሶ ነበር ያሰብኩት።

ስለ ቀብድ ሕጉ የሚለውን ብዙ ሰው የሚያውቀው በግማሹ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህ አንቀጽ 1885 ላይ አለ። ገዢውን የሚጠብቀው ያ “እጥፍ” ነው። ግን ገዢው ራሱ ሐሳቡን ከቀየረ ብሩ ይቀርበታል። ስለዚህ ቀብዱ ትልቅ ከሆነ ዕቃው ምን ዓይነት ሲሆን አልቀበልም ማለት እንደምትችል አስቀድሞ መጻፍ አለበት። አለዚያ የተበላሸ ዕቃ መልሰህ “አንተ ነህ ያፈረስከው” ልትባል ትችላለህ።

የጻፍነው አንድ ገጽ ነው። ከሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ገለበጥኩ። የሞተሩ ዓይነት 5ኤል መሆኑን ጻፍኩ። “ቴስታታው አዲስ፣ ያልተበየደና ያልተሠራበት ይሆናል” የሚል መስመር ገባ። የሚደርስበት ቀን ተቆረጠ። መካኒኩ አይቶ እስኪፈርም ቀሪው እንደማይከፈል፣ ዕቃው ከተጻፈው ውጭ ከሆነ ቀብዱ ተመላሽ እንደሚሆን ተጻፈ። ሁለት ምስክር ፈረመ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጂ ያዝን።

ብሩን የላክሁት በባንክ ነው፣ ንግድ ፈቃዳቸው ላይ ባለው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ። ምክንያት በሚለው ቦታ “ለ5ኤል ቴስታታ ቀብድ” ብዬ ጻፍኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ “ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቫቱ ይቀርልሃል” አሉኝ። 15 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ያጓጓል። ግን ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ነገ ቢበላሽ ከዚያ ሱቅ መውጣቱን በምን አስረዳለሁ? ደረሰኙን ተቀበልኩ።

ዕቃው በቀኑ መጣ። በካርቶን ታሽጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሲያዩት ያምራል። ሾፌራችን ደስ ብሎት “በቃ ይገጠም” አለ። መካኒኩ ግን መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን አንስቶ ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ብሎክ ላይ አነጠፈው። የጓርኒሲዮኑ ቀለበት በሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ታየ። የሌላ ዓይነት ሞተር፣ የ3ኤል ነው። የ3ኤል ሲሊንደር ስፋቱ 96 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ5ኤል 99.5። ልዩነቱ በዓይን ጎልቶ አይታይም። ቢገጠም ኖሮ ግን ጠርዙ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠልና ደግመን ጣርማበር ላይ እንቆማለን።

ቴስታታውን የሞተር ብረት ወደሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው የውሃ መንገዶቹን ዘግቶ ውሃ በግፊት ሞላው። ትንሽ ቆይቶ በቫልቮቹ መሃል ውሃ እንደ ላብ ወጣ። ቀለሙ ሲፋቅ ብየዳ ታየ። የኛው ቴስታታ ከተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ማለት ነው። አሮጌ ዕቃ ተበይዶ፣ ፊቱ ተስተካክሎ፣ ተቀብቶ አዲስ ተብሎ ነው የመጣው።

ነጋዴውን ጠርተን አሳየናቸው። በጣም ነው ያፈሩት። እኔ በበኩሌ እንዳላወቁ አምናለሁ፤ የታሸገውን ካርቶን ሳይከፍቱ ነው ያስረከቡን። ወረቀቱን አወጣሁ። “ያልተበየደ” የሚለውን መስመር አነበቡት። አንድም ቃል አልተከራከሩም። ቴስታታውን አስጭነው ራሳቸው አዲስ አበባ ወረዱ።

እዚያ የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። ሻጩ መጀመሪያ “እዚያው ነው የተሰነጠቀው” ብሎ ካዳቸው። እሳቸው ሙሉውን ከፍለዋልና አቅም አልነበራቸውም። ያተረፋቸው ያው የኛ ገጽ ነው። ዕቃው የደረሰበት ቀን፣ የቶርኖ ቤቱ ማረጋገጫ፣ የብየዳው ፎቶ አብረው ነበሩ። “ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ” ሲሉት ቀየረላቸው። ለኔ እውነተኛው ልዩነት የታየኝ እዚህ ላይ ነው። እኛ ግማሹን ብር ይዘን ስለነበር ማንንም አልለመንንም። እሳቸው ግን ከፍለው ስለጨረሱ መሟገት ነበረባቸው።

ሁለተኛው ቴስታታ መጣ። ካርቶኑ እኛው ፊት ተከፈተ። መካኒኩ በብሎኩ ላይ አስደግፎ አየው፣ ጓርኒሲዮኑን ለካ፣ ቶርኖ ቤት በውሃ ተፈተሸ። ከዚያ ፈረመ። ቀሪውን ብር በዚያው ሰዓት ላክሁ፤ ዕቃው ልክ ሆኖ ሳለ ክፍያ ማዘግየትም ግፍ ነው።

የታክሲው ባለንብረት ጋራዡ ውስጥ ይህን ሁሉ ሲያይ ነበር። እሱ አሁንም ፖሊስ ጋ እየተመላለሰ ነው። የወረቀታችንን ቅጂ ጠየቀኝና የመኪና ቁጥሮቹን ሸፍኜ ሰጠሁት። ነጋዴው ደግሞ ከሶማሌ ተራ በሚያዙት ዕቃ ሁሉ “ያልተበየደ” የምትለዋን መስመር እያስጻፉ ነው። ከኛ ጋር በሚሠሩበት ጊዜም ቀብዱን ራሳቸው ወደ ሲሶ አውርደውታል።