ዝርዝሩን ጥዬ ውሃውን ስከተል

ደብሊን መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ። እስካለፈው ሰኔ ድረስ ግን ስለ አየርላንድ ገጠር የማውቀው በአውቶብስ መስኮት የሚሮጠውን አረንጓዴ ብቻ ነበር። የአራት ቀን ዕረፍት አገኘሁና መኪና ተከራየሁ። ማታውን ቁጭ ብዬ ዝርዝር ጻፍኩ፤ ጥንታዊ መቃብር፣ ገዳም፣ የፈረሰ ግንብ። አሥራ አንድ ቦታ ሆነ። በአራት ቀን አሥራ አንድ ቦታ! ሞኝነቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ኒውግሬንጅ የሚባለው ጥንታዊ መቃብር ነበር፣ ከደብሊን በስተሰሜን። እዚያ ዝም ተብሎ አይገባም ለካ። ከእንግዳ መቀበያው በአውቶብስ ነው የሚወስዱት፣ ትኬቱም ቀድሞ ያልቃል። እኔ ስደርስ የቀኑ አልቋል። ለነገ ያዝኩና ተናድጄ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ንዴቴ ጠቀመኝ። የቦይን ወንዝ ላይ ካለችው የእግረኛ ድልድይ ቆሜ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ወንዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ደቡብ ይታጠፍና አንዱን ከፍታ እንደ ክንድ አቅፎት ያልፋል። ሦስቱ ትልልቅ መቃብሮች፣ ኒውግሬንጅ፣ ናውዝና ዳውዝ፣ ያሉት በዚያ እቅፍ ውስጥ ነው። ቦታውን ወንዙ ነው የመረጠላቸው አልኩ ለራሴ። ድንጋዮቹም ቢሆኑ በእግር ብቻ የመጡ አይመስልም። ፊት ለፊት የሚያበራው ነጭ ድንጋይ ከደብሊን በስተደቡብ ካሉት የዊክሎ ተራሮች የመጣ ነው፤ በባሕርና በወንዝ ሳይጫን አልቀረም ይላሉ።

በማግስቱ ገባሁ። 19 ሜትር የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ጎንበስ ትላለህ፣ ጎንህን ታዞራለህ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ገደማ ነው፣ ከጊዛው ትልቁ ፒራሚድ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ታኅሣሥ ላይ፣ ቀኑ እጅግ ባጠረበት ሰሞን፣ የማለዳ ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ገብታ 17 ደቂቃ ያህል ውስጡን ታበራለች። ለእኛ መብራት አጥፍተው በአምፖል አሳዩን። አምፖልም ሆኖ ሁላችንም ዝም አልን።

መኪናው ውስጥ ስመለስ ዝርዝሩን ቀደድኩት። ካርታው ላይ ሰማያዊውን መስመር ብቻ ልከተል ብዬ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሻነን ወንዝ ነዳሁ። ሻነን የአገሩ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ። መካከለኛው አየርላንድ ግን ሜዳ ስለሆነ ውሃው የሚቸኩልበት ነገር የለውም። ሐይቅ እየሠራ ይተኛል፣ በብርዱ ወራት ግጦሹን ያጥለቀልቃል። በዙሪያው ደግሞ ቦግ የሚሉት አለ።

ቦግን ረግረግ ብለን ብንተወው አይበቃውም። በረዶ ዘመን ሲያልፍ የቀሩ ኩሬዎች ውስጥ ስፋግነም የሚባል ውሃ የሚመጥ ትንሽ ተክል በቀለ። ውሃው አየር ስለሌለውና ኮምጣጣ ስለሆነ የሞተው ተክል አይበሰብስም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሺህ በሺህ ዓመት ብዙ ሜትር ጥቁር ክምር ይሆናል። ከመቶ ዘጠናው ውሃ ነው።

ይህን ያወቅኩት በእግሬ ነው። ሎንግፎርድ አካባቢ መንገድ ዳር ተርፍ (ከቦግ የሚቆረጥ ማገዶ) እያደረቁ ያሉ ሽማግሌ አየሁና ሰላም ልበል ብዬ በስኒከር ገባሁ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበት ሰመጠ። እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ሽማግሌው እየሳቁ በአካፋ ሊያወጡልኝ ሞከሩና ተዉት። «ግድ የለም፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ያገኙታል» አሉኝ።

ተርፉ እንደ ጡብ የተቆረጠ ጭቃ ነው። አራት አምስቱን እያደገፉ ያቆሙታል፣ ነፋስ በመሃል እንዲያልፍ። ኩበት ሲደርቅ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም። አንዱን ደረቅ ሰጡኝ፤ ቀላል ነው፣ እጅ ላይ ይፈረፈራል። ጭሱ ከኩበት ጭስ ይለያል፣ ሰውን የሚወስደው ግን ወደዚያው ነው።

ባዶ እግሬን እዚያው ሎንግፎርድ ወዳለው ኮርሊ ሄድኩ ማለት ይቻላል። እዚያ ቦጉን የሚቆርጡ ሠራተኞች በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የእንጨት መንገድ አገኙ። የኦክ ሳንቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ረግረጉን ለመሻገር። የእንጨቱ ቀለበት ሲቆጠር ዛፎቹ የተቆረጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ148 ገደማ ሆነ። መንገዱ ከባድ ስለነበር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሰምጧል ይላሉ። እንደ መንገድ ካየነው ኪሳራ ነው። ግን ባይሰምጥ ኖሮ እኔ አላየውም ነበር። አሁን 18 ሜትሩ እርጥበቱ በሚጠበቅ አዳራሽ ውስጥ ተዘርግቷል።

በመጨረሻው ቀን ክሎንማክኖይዝ ገዳም ደረስኩ (በአዲስ ቦት ጫማ)። ቅዱስ ኪያራን በ544 ገደማ የመሠረተው ነው። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለምን እዚያ እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። ኮረብታው ላይ ስትቆም ይገባሃል። ሻነን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። የበረዶው ውሃ ትቶት የሄደ የጠጠርና የአሸዋ ሸንተረር ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይቆርጠዋል። ሌላው ሁሉ ቦግ ነው። በደረቅ እግር የሚሄድ ሰው በሸንተረሩ፣ በጀልባ የሚሄድ በወንዙ፤ ሁለቱም የሚገናኙት እዚህ ነው። እኔ መናኝ ከሰው ርቆ የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የተከለው። ዘራፊዎቹ ቫይኪንጎችም የመጡት በዚያው ወንዝ ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ውጭ የቆሙት ረጃጅም የድንጋይ መስቀሎች ቅጂ ናቸው፣ ዋናዎቹ ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው ቅጂውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

ሌላ ጊዜ ብሄድ በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አልይዝም። ሙዚየሙን ደግሞ ለመጨረሻ አደርገዋለሁ፤ ይህችኛዋ በአጋጣሚ የተሳካችልኝ ናት። ቅዳሜ ደብሊን ኪልዴር ጎዳና ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ፣ በነጻ ነው። እዚያ በ2006 ቲፐረሪ ውስጥ ከቦግ የወጣ መጽሐፍ አለ። በ800 ገደማ የተጻፈ፣ በብራና፣ በቆዳ ሽፋን፤ የሽፋኑ ውስጥ ገበር የግብፅ ፓፒረስ ነው። ዳዊት ነው። ሲገኝ ተከፍቶ የነበረው መዝሙር 83 ላይ፣ «የልቅሶ ሸለቆ» የሚለው ጋ ነበር። ቁጥሩ ከእኛው ዳዊት ጋር አንድ ነው። ቤት ገብቼ እናቴ የሰጠችኝን አወረድኩና ገለጥኩት፤ 83 እዚያው ነበረ።