«ታሟል» ያልኩት ግልገል ጉሬዛ

በአስጎብኚነት ከተቀጠርኩ አራተኛ ወሬን ይዤ ሳለሁ፣ ድርጅቴ ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአገር አገር የሚዞሩ አራት ወጣቶችን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወስጄ እንድመልስ አዘዘኝ። እንግዶቹ የመጡት የኬንያን የባሕር ዳርቻ በእግርና በአውቶቡስ ሲያስሱ ሰንብተው ስለነበር፣ መኪናችን ሰበታን አልፋ ኮረኮንቹን መንገድ እስክትይዝ ድረስ ወሬያቸው ሁሉ በዋታሙ አሸዋ ላይ እንቁላል ለመጣል በሌሊት ስለምትወጣው የባሕር ኤሊና ስለ ዲያኒ ጉሬዛዎች ነበር። በዲያኒ ጉሬዛዎቹ አስፋልት ሲያቋርጡ በመኪና እየተገጩ ስለሚሞቱ፣ ከመንገዱ በላይ የገመድ መሰላል ተዘርግቶላቸው በዚያ እንደሚሻገሩ ሲነግሩኝ፣ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጉሬዛን በቅርብ የማውቀው በአንድ ዘመዳችን ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቆዳው ብቻ ነበር።

ለጉዞው ግን አንብቤ ተዘጋጅቻለሁ። ደኑ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ የሚነገረውን፣ ደኑ ያረፈበት የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው፣ የምኒልክ ድኩላ ከኢትዮጵያ ውጭ እንደማይገኝ በቃሌ ይዤ ስለነበር ከበሩ ጀምሮ አፌ አልተዘጋም። አብረውን የተመደቡት አዛውንት የደን ጠባቂ የእንግዶቹን ቋንቋ ስለማይችሉ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በዝምታ ይከተሉን ነበር፤ እኔም አንዳች አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ከእንግዶቹ አንዷ እጇን አንሥታ አስቆመችን። እኔ የዛፎቹን ጫፍ ሳማትር እሷ የምታየው መሬቱን ነበር። ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ግማሹ የተነከሰ፣ ገና ያልጠወለገ ለጋ ቅጠል ተበትኗል፤ ዝም ብለን ስንቆም ሌላ ቅጠል እየተሽከረከረ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ቀና ስንል ስድስት ጉሬዛዎች ነጫጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ያኝካሉ። ከአንዲቱ ደረት ላይ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ሁለመናው እንደ ባዘቶ የነጣ ግልገል ተለጥፏል።

«ይህ ታሟል፤ ቀለም ሳይኖረው የተወለደ ነው» አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ዝምታው ስላስፈራኝ ብቻ ተናገርኩ። ልጅቷ በትሕትና፣ በዲያኒ ያየቻቸው ግልገሎችም ነጭ ሆነው ተወልደው በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለማቸው እንደሚለወጥ ነገረችኝ። እኔ ግን የእኛ ጉሬዛና የዚያኛው ዝርያቸው ይለያያል ብዬ ተከራከርኩ፤ መለያየታቸው እውነት ቢሆንም ለክርክሬ የሚጠቅም አልነበረም።

አዛውንቱ ጣቴ ወደ ግልገሉ መቀሰሩን አይተው ኖሮ፣ «ምን እያልካቸው ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁና፣ «ኧረ ሕፃን ነው! በቅርቡ የተወለደ ነው፤ ትንሽ ቆይተህ ብትመጣ እንደ እናቱ ሆኖ ታገኘዋለህ» አሉኝ። ይህን ቃል በቃል ለእንግዶቹ ማስተርጎም የእኔ ፈንታ ነበርና፣ በዚያ ብርድ ላብ አሰመጠኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጉሬዛ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚይዝ ሲጠየቁ አውራ ጣታቸውን ወደ መዳፋቸው አጥፈው፣ አራቱን ጣቶቻቸውን እንደ ሜንጦ ቆልምመው ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። «አውራ ጣት ይህን ያህልም የለው፤ ሰቅሎ ነው የሚሄድ» አሉ። ያነበብኩት ወረቀት ላይ ይህ አልነበረም።

ማምሻውን እንግዶቹ የሰጡኝን ጉርሻ ለአዛውንቱ አካፍዬ፣ «አባባ፣ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ብቻዬን መጥቼ ከእርስዎ ጋር ልዙር?» ስል ለመንኳቸው። «ና፤ ግን እንደ ዛሬው ረፋድ ላይ አይሁን። ሲጮኹ እንድትሰማ ሊነጋ ሲል በሩ ላይ ጠብቀኝ» አሉኝ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።