በ44 ቁጥር ትራም ወደ ቴርቩረን

ብራስልስ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ እንጂ ሙዚየም ለማየት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየጠጣን "ቴርቩረን ሄደሽ ታውቂያለሽ?" ስላት "ደኑ ጋ? ልጆቹን ይዘን ሁሌ እንሄዳለን እኮ" አለችኝ። አስር አመት ኖራ እዛ ከብራስልስ ወጣ ብሎ ያለው የአፍሪካ ሙዚየም ውስጥ ገብታ አታውቅም። ልጆቹን ለባሏ ትተን ከሞንትጎመሪ 44 ቁጥር ትራም ያዝን።

መንገዱ ደስ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጫካ ለጫካ ነው የሚሄደው። ግን መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው። በ1897 (አመተ ምህረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ) የቤልጂየሙ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ኮንጎን ለህዝቡ ሊያሳይ እዚህ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፣ ሰፊው ጎዳናና የትራሙ መስመርም ያኔ ለዛ የተሰሩ ናቸው። ሰውየው ኮንጎን አንድ ቀን እንኳን ረግጦ አያውቅም፣ ግን ከቤልጂየም ከ70 እጥፍ በላይ የሚሰፋ አገር ከ1885 ጀምሮ የግሉ ነበር፣ የመንግስት እንኳን አይደለም፣ የሱ የራሱ። ለኤግዚቢሽኑ 267 የኮንጎ ሰዎች በመርከብ አስመጥቶ ፓርኩ ውስጥ ኩሬ ዳር ጎጆ አሰርቶ ሰው እንዲያያቸው አስቀመጣቸው። አድዋ ከሆነ ገና አንድ አመቱ ነው እንግዲህ።

ሙዚየሙ አሁን የሚገባው በመስታወት ቤት በኩል ነው፣ ከዛ ከመሬት በታች ረጅም ነጭ ኮሪደር አለ፣ እዛ ውስጥ አንድ ጀልባ ብቻውን ተቀምጧል። ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ከ22 ሜትር በላይ። ጎን ለጎኑ እየሄድኩ እርምጃዬን ቆጠርኩ፣ ከሰላሳ አለፈ። እንዲህ አይነት ጀልባ የሚጠርብ ህዝብ ስልጣኔ ልናመጣለት ነው የተባለው፣ ፎቅ ስትወጡ ደግሞ ይሄንኑ የሚል የወርቅ ቀለም ሀውልት ክቡ አዳራሽ ውስጥ ቆሞላችኋል፣ "ቤልጂየም ለኮንጎ ስልጣኔን ስታመጣ" ይላል። ህንጻው በቅርስነት ስለተመዘገበ ማንሳት አልተቻለም፣ በ2018 ሲታደስ ኤሜ ምፓኔ የሚባል የኮንጎ አርቲስት የሰራው ትልቅ የእንጨት ራስ መሀል አዳራሹ ላይ ተተከለ። የሊዮፖልድ ስም መነሻ፣ ሁለት ኤል ተጠላልፎ፣ በየግድግዳው አለ።

እኔን የያዘኝ ግን የጎማው ነገር ነው። ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ያወጣው በ1888 ነው፣ ወዲያው አውሮፓ በሙሉ ሳይክል ሆነ፣ ቀጥሎ መኪና፣ የኤሌክትሪክና የቴሌግራፍ ሽቦ መሸፈኛም ጎማ ይፈልጋል። በእርሻ የሚተከለው የጎማ ዛፍ እስኪደርስ አመታት ይፈጃል፣ ኮንጎ ጫካ ውስጥ ግን የዱር ሀረግ ሞልቷል፣ ቆርጠህ ወተቱን መሰብሰብ ነው። ሊዮፖልድ ሰርቶ አይደለም የከበረው፣ አስገድዶ ነው፣ ለየመንደሩ ይሄን ያህል ኪሎ ተብሎ ይወሰናል፣ ሰዉ ወተቱን ገላው ላይ ቀብቶ ያደርቅና ከነፀጉሩ ይልጠዋል፣ ኮታው ካልሞላ ሚስቶቹ ታግተው ይቆያሉ፣ መገረፊያው ደግሞ ከጉማሬ ቆዳ የተሰራ አለንጋ ነበር፣ እኛም አለንጋውን ራሱን ጉማሬ አይደል የምንለው? ወታደሩ ጥይት እንዳላባከነ ለማሳየት የገደለውን ሰው ቀኝ እጅ ቆርጦ ያመጣል፣ ጥይቱን ለአደን ካዋለው ከህያው ሰው ይቆርጣል። በ1904 አሊስ ሃሪስ የምትባል ሚሲዮናዊት ያነሳችው ፎቶ አለ፣ ንሳላ የሚባል አባት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአምስት አመት ልጁን የተቆረጠ እጅና እግር ፊቱ አስቀምጦ ያያል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ከጽሁፌ ጋር ልለጥፈው አልቻልኩም። በዛ ዘመን ስንት ሰው እንዳለቀ እስከዛሬ ያከራክራል፣ እስከ 10 ሚሊዮን የሚያደርሱት አሉ።

የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና "እኛ እኮ እምቢ ብለናል፣ እነሱ ግን ለምን ዝም አሉ?" አለችኝ። ይሄን ከብዙ ሀበሻ ሰምቼዋለሁ፣ ሁሌም ያመኛል። ዝም አላሉም! ምሲሪ የሚባለው የካታንጋ ንጉሥ የሊዮፖልድን ባንዲራ አልሰቅልም ብሎ በ1891 ተኩሰው ገደሉት። በ1895 ሉሉአቡርግ ላይ የራሱ የሊዮፖልድ ወታደሮች አለቆቻቸው ላይ ተነሱ፣ በ1897ም ሌላ ትልቅ አመጽ ሆነ፣ እሱን ለማጥፋት አመታት ፈጅቷል። ስንቱ መንደሩን አቃጥሎ ጫካ ገብቷል። ምኒልክ አድዋ የዘመተው ወደ መቶ ሺህ ሰራዊት፣ ብዙው ጠብመንጃ የያዘ፣ ከዛም ላይ መድፍ ይዞ ነው፣ መሳሪያውን ገና ቀድሞ ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ሲገዛ ነበር። ኮንጎ ውስጥ በዛ ስፋት ሰራዊት የሚጠራ አንድ ንጉሥ አልነበረም።

ደግሞ አንድ ነገር ነገርኳት። የኔ አያት ደምቢ ዶሎ ነው ያደገችው፣ ያኔ ሳዮ ይባል ነበር። ልጅ ሆና ጣሊያን ሲወጣ ያየቻቸውን ወታደሮች "የኮንጎ ሰዎች" ትላቸው ነበር፣ እኛ ተረት ይመስለን ነበር። እውነት ነው። በ1941 የኮንጎ ወታደሮች በቤልጂየም መኮንኖች እየታዘዙ ሱዳንን አቋርጠው መጥተው አሶሳን ያዙ፣ ጋምቤላን ያዙ፣ ሰኔ 1933 በኛ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጁን ሰጠ። ከነዛ ወታደሮች ብዙዎቹ የጎማውን ዘመን ያዩ ሰዎች ልጆች ናቸው፣ የራሳቸው አገር ነጻ ሳይወጣ የኔን አያት አገር ነጻ ሊያወጡ ሞቱ። የአክስቴ ልጅ ቆም አለች። እሷም የዛችው አያት ልጅ ልጅ ናት እኮ፣ ግን አልሰማችም፣ አያታችን ስትሞት ህጻን ነበረች።

ከሁሉ በላይ የቆየንበት ረጅም ጋለሪ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከ1908 በፊት ኮንጎ ውስጥ የሞቱ 1,508 ቤልጂየሞች ስም ተጽፏል። የኮንጎ ሰው ስም አንድም አልነበረበትም። አሁን ፍሬዲ ጺምባ የሚባል አርቲስት መስኮቶቹ ላይ የኮንጎ ሰዎች ስም ጻፈ፣ ፀሀይ ስትወጣ ጥላው ተሻግሮ ቤልጂየሞቹ ስም ላይ ያርፋል። እኛ ስንገባ ደመና ነበር፣ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። "እንጠብቅ" አለች፣ ጠበቅን፣ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከዛ ፀሀይዋ ወጣ አለች፣ ፊደሎቹ ግድግዳው ላይ ተኙ፣ ገርጥተው፣ ትንሽ ተጣመው፣ እጇን ዘርግታ አንዱን ፊደል መዳፏ ላይ አሳረፈችው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ።

ከ267ቱ ሰባቱ በዛው ሰመር በብርድና በበሽታ ሞተዋል። መቃብራቸው ከሙዚየሙ ብዙ አይርቅም፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስር ነው፣ ሰባት ድንጋይ በአንድ መስመር። ሄድን። ትኬቷ ጀርባ ላይ በፊደላችን ጻፈቻቸው፣ ኤኪያ፣ ጌምባ፣ ኪቱክዋ፣ ምፔያ፣ ዛኦ፣ ሳምቦ፣ ሚባንጌ። ኪቱክዋ ላይ አቆመችና "ይሄ እንዴት ነው የሚነበበው?" አለችኝ፣ ሁለታችንም ደጋግመን ሞከርነው። ከዛ "ሳዮ የሞቱትስ፣ አያታችን የአንዱን እንኳን ስም ታውቅ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ልጅ ዳቦ ይሰጠኝ ነበር ትል ነበር፣ ስሙን ግን ነግራን አታውቅም።