ትል የለቀምኩበት ቅዳሜ

የወጥ ቤት ትርፍራፊ እየበሉ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ የሚያደርጉልኝ ቀይ ትሎች ሣጥን ውስጥ አረባለሁ። ማብላቱማ ቀላል ነው። የጎመኑን ግንድ፣ የድንቹን ልጣጭ፣ ከጀበናው የተረፈውን አተላ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ በእርጥብ ካርቶን መሸፈን ነው፣ አለቀ። ሥራው የሚመጣው ሣጥኑ ሲሞላ ነው። የኔው ሰሞኑን ሞልቶ ነበር። ካርቶኑ የለም፣ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ እዚህም እዚያም ይታያል፣ የቀረው ሁሉ አፈር አፈር የሚሸት ጥቁር ነገር ሆኗል። ትሎቹን እዚያው ዝም ብሎ መተው ደግሞ አይሆንም፤ የሚበላው አልቆ የራሳቸው ኩስ ሲበዛባቸው ይከሳሉ፣ መራባትም ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ዛሬ የጤፍ ጆንያ ቀድጄ በረንዳው ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ገለበጥኩት።

ዘዴው የታወቀ ነው። ኮምፖስቱን በትንንሽ ክምር ትከፋፍሉና ከላይ አምፖል አብርታችሁ ትጠብቃላችሁ። ቀይ ትል ዓይን የላትም፣ ቆዳዋ ግን ብርሃን ይለያል፣ ሲነካት ወደ ውስጥ ትሸሻለች። ከላይ ያለውን ስስ አድርጎ ማንሳት፣ ትንሽ መጠበቅ፣ እንደገና ማንሳት፤ እንዲህ እየተባለ ክምሩ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ከሥር እርስ በርሱ የተጠላለፈ ትል ብቻ ይቀራል። መቸኮል የለም። ቶሎ ቶሎ ከዛቃችሁ ትሉንም አብራችሁ ትዝቃላችሁ። ስልክ ልነካካ እንዳልል እጄ ጭቃ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሥራ የምወደው ይሄንኑ ነው።

ፀሐይ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። የሚተነፍሱት በቆዳቸው ነው፣ ቆዳቸው ከደረቀ አበቃ። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ሌላ የሰነፍ መንገድም አለ። ምግቡን በሣጥኑ በአንድ ወገን ብቻ ማድረግ ነው፣ የሙዝ ልጣጭ ወይ ሐብሐብ ከሆነ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ራሳቸው ወደዚያ ይሄዳሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የትሎቹ እንቁላል አይሄድም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እንቁላሉ ነው። ከጤፍ ተለቅ ከምስር አነስ ያለ፣ ሁለት ጫፉ ሾል ያለ፣ ሲጀምር ቢጫ፣ ሊፈለፈል ሲል የሚቀላ። ከአንዱ ከአንድ በላይ ትል ሊወጣ ይችላል፣ ሲወጡም ነጫጭ ክር ነው የሚመስሉት። እሱን በጣቴ እየለየሁ ክዳን ላይ ሳስቀምጥ ነው ጎረቤቴ ብቅ ያሉት።

«ምንድነው ልጄ የምትለቅሚው፣ ምስር ነው?»

«የትል እንቁላል ነው እማማ።»

«በስመአብ! ይሄን በባዶ እጅሽ?»

ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ግን አልሄዱም። ምን እንደሚበሉ ጠየቁኝ። ሥጋ አይሰጣቸውም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም አልኳቸው። «ጾመኛ ናቸዋ!» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ሣጥኔ በደንብ የሚጠግበው በዐቢይ ጾም ነው፣ 55 ቀን ሙሉ ጎመንና ድንች። የተረፈ ወጥ ግን ለነሱ አይሆንም፣ ጨውና በርበሬው ያቃጥላቸዋል። ሽንኩርትና ሎሚም ቢበዛ አይወዱም። እማማ የጎመን ትርፍራፊ ሊያመጡልኝ ተስማምተዋል፣ ትሎቹ በራቸው ድረስ እንዳይመጡ ብቻ አስጠንቅቀውኛል።

ኮምፖስቱን ከአፈር ጋር አንድ ለአራት ቀላቅዬ ለቃሪያውና ለበሶብላው ሰጠሁት። ትሉን ማሰሮ አፈር ውስጥ የማልተወው በስስት አይደለም። ቀይ ትል የምትኖረው የሚበሰብስ ነገር መሃል ነው፣ ተራ አፈር ውስጥ አይመቻትም። አዲሱ መኝታቸው ተነክሮ የተጨመቀ ካርቶን ነው፣ ከድሮው አንድ እፍኝ ጨምሬበታለሁ፣ እንቁላሎቹም እዚያው ገብተዋል። አዲስ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሌሊት ላይ ወጥተው ግድግዳ ለግድግዳ መሄድ ይወዳሉ፣ ስለዚህ ዛሬ የበረንዳው መብራት አይጠፋም። መብራት ኃይል ከፈቀደ።

ከትሎቹ ግማሹን ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ቃል ገብቻለሁ። ሰኞ ባልዲ ይዛ ትመጣለች፣ ክዳኑን በሚስማር እንድትበሳሳው ነግሬያታለሁ።