የሦስት ሴቶችን ታሪክ ለትምህርት ቤት ግድግዳ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ላለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስት ሴቶችን የሕይወት ታሪክ በሦስት ሰሌዳ አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱ ከዚሁ ከጎንደር ዙሪያ ገጠር ወጥተው እስራኤል ውስጥ ትልቅ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ የደረሱ ናቸው፤ አምቦበር የተወለዱት አምባሳደር በላይነሽ ዘቫዲያ እና ውዛባ የተወለዱት የሕግ ባለሙያ ፕኒና ታማኖ ሻታ። ሦስተኛዋ መንገዱን በተቃራኒው የሄዱ ናቸው፤ ከአውስትራሊያ መጥተው ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የጨረሱት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን።

ሁለት ሳምንት ያልኩት ሥራ ሁለት ወር ፈጀ። መረጃ ጠፍቶ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ታሪኩ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ዞሮ ነው ወደ አማርኛ የሚመለሰው፤ በዞረበት ሁሉ አንድ ነገር ያንጠባጥባል። ቀኑ ይዛነፋል፣ ስሙ ይጣመማል፣ «እሳቸው» የነበረው «እሷ» ይሆናል። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር መምህር ወይም የክበብ ተጠሪ ይጠቅማል ያልኩትን ልጻፍ።

ከሁሉ የበለጠ ያለፋኝ ቀን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ሲሆን ብዙ ሰው ስምንት ይቀንስና ያልፋል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ግን ሰባት ነው የሚቀነሰው። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም መጻፍ ግድ ነው። አምባሳደር በላይነሽ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ወሩን እርግጠኛ ካልሆንን «1985/86 ዓ.ም.» እንላለን እንጂ አንዱን መርጠን አንደፋም። በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር የሆኑበት 2012 እንዲሁ «2004/05» ሆኖ ተጻፈ። ተማሪ ይህን ሲያይ «ታዲያ የቱ ነው?» ይላል፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ግርጌ በአንድ መስመር ምክንያቱን አስቀመጥኩ።

ቀንና ወር ሲኖር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዶክተር ሐምሊን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1924 ነው። ጥር 1 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል ቆጥሬ ጥር 16 ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ። 1916 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከፊቱ ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለነበረ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ላይ ዋለ፣ ልደታቸውም ጥር 15 ሆነ። ያረፉበት ማርች 18 ቀን 2020 ደግሞ መጋቢት 9 ቀን 2012 ነው። 2012ም ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ነገር ግን ፌብሩዋሪ 29 ካለፈ በኋላ መንሸራተቱ ያበቃል፣ መጋቢት 1 እንደ ወትሮው ማርች 10 ነው። የአንድ ሰው ልደትና ዕረፍት ሁለቱም በዘመነ ዮሐንስ ወድቀው አንዱ ተንሸራቶ አንዱ አልተንሸራተተም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው። የስልክ መቀየሪያ ሁሉ ይህን በትክክል ይሠራል ብላችሁ አትመኑ፤ ቢያንስ አንዱን ቀን በእጅ ፈትኑት።

ሌላው ማጣሪያ የዕድሜ ዓምድ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ድርጊቱ፣ ዓመቱ፣ በዚያ ጊዜ የነበረው ዕድሜ። ዶክተር ሐምሊን ኢትዮጵያ ሲመጡ 35፣ ፌስቱላ ሆስፒታሉ ሲቋቋም 50፣ ሲያርፉ 96። ፕኒና ታማኖ ሻታ ኖቬምበር 1 ቀን 1981፣ ማለትም ጥቅምት 22 ቀን 1974 ተወልደው በሦስት ዓመታቸው እስራኤል ገቡ፤ ለክኔሴት (ለእስራኤል ፓርላማ) ሲመረጡ 31 ነበሩ። ዓምዱ ላይ አንድ ቁጥር ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። በስደት የሄዱ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው በተቀባይ አገር ጸሐፊ የተሞላ መሆኑንም መርሳት የለብንም፤ ጃንዋሪ 1 የሚል ልደት ስታዩ ጠርጥሩ።

ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁዳውያንን፣ ወደ እስራኤል የወሰደው የሙሴ ዘመቻ የሚባለው የአየር ማጓጓዝ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ኅዳር 12 ማለት የሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ለተማሪ ይህን ካልኩት በኋላ ቀኑ አይረሳም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ብዙ ጽሑፍ «በኅዳር 1977 ከጎንደር ወጥተው እስራኤል ገቡ» ይላል። አውሮፕላኑ ሰዎቹን ያነሣው ከሱዳን ነው። ከመንደራቸው በእግር የወጡት ከዚያ ወራት ቀደም ብለው ሲሆን መንገድ ላይና በመጠለያ ጣቢያ ብዙዎች አልቀዋል። ስለዚህ ሽማግሌ «ክረምቱ ሳይገባ ነው የሄዱት» ቢል ከወረቀቱ ጋር አልተጣላም፤ እሱ የሚናገረው መነሻውን፣ ወረቀቱ የሚናገረው መድረሻውን ነው። ሽማግሌ ስጠይቅ ዓመት አልጠይቅም። «ያኔ ማሳው ላይ ምን ነበር? ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? ደርግ ሊወድቅ ምን ያህል ቀርቶት ነበር?» እላለሁ። ሌላው የአየር ማጓጓዝ፣ የሰሎሞን ዘመቻ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ነበር፣ ደርግ ሊወድቅ አራት ቀን ሲቀረው፤ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተወስዷል። ሁለቱን ዘመቻ የሚያቀላቅል ተራኪ ብዙ ነው፤ አንዱ በሱዳን ሌላው በአዲስ አበባ መሆኑን ካስያዛችሁት ራሱ ያርማል።

ስለ ስም። በላይነሽ የሚለው አላስቸገረኝም። የአባት ስም የሚመስለው «ዘቫዲያ» ግን በእንግሊዝኛ ዞሮ የመጣ ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ዝባድያ» የምንለው ነው። ፕኒናም የሳሙኤል መጽሐፍ «ፍናና» ናት። አስተካክዬ ልጻፈው? አላደረግሁትም። ሰው የሚጠራበት ስም ራሱ የመረጠው ነው፣ የእኔ ሥራ ማረም አይደለም። በቅንፍ ግን «በአማርኛው ፍናና» ብዬ ጨመርኩ፤ ከሰሌዳው ሁሉ ሴት ተማሪዎች ቆመው ያነበቡት ያችን ቅንፍ ነው።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ሲመጣ ብዕር ማስቀመጥ ደግ ነው። በአማርኛ «የመጀመሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያ የክኔሴት አባል» ሲባል አንባቢ ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል፦ ከትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድማ፣ ወይም ከሴቶቹ ቀድማ። ሁለተኛው ነው እውነቱ። ከትውልደ ኢትዮጵያውያን ክኔሴት ቀድመው የገቡት አዲሱ መሰለ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996። ፕኒና በ2013 ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ሆኑ። ግንቦት 2012 ዓ.ም. የአሊያ (አይሁዳውያን ወደ እስራኤል የሚገቡበት ጉዳይ) እና ውህደት ሚኒስትር ሲሆኑ ግን ከወንድም ከሴትም የመጀመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሚኒስትር ናቸው። አንዷ ሴት፣ ሁለት «መጀመሪያ»፣ ሁለት ዓይነት ወሰን። ወሰኑን ሳትጽፉ ቃሉን አትጻፉ። በማሽን ትርጉም የሚመጣ ሌላም አለ፤ «ቆንስላ» መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሰውዬው «ቆንስል» ነው። «ቆንስላ ሆነው አገለገሉ» የሚል አሥር ጊዜ አይቻለሁ።

«ስደተኛ» የሚለውንም ከሰሌዳው ላይ አወጣሁት። እኛ ዘንድ ስደተኛ ሲባል የሚታየን ድንኳንና ራሽን ነው፤ ዶክተር ሐምሊን ላይ ለጥፎ የሚያነብ ተማሪ ግራ ይጋባል፣ «መጤ» ደግሞ ስድብ ነው። ቤተ እስራኤላውያንን «ፈላሻ» ማለትም እንዲሁ፤ ድሮ የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ብቻ መገልበጥ አይገባም። መፍትሔው ስሙን ትቶ ግሱን መያዝ ነው፦ ሄደች፣ ቆየች፣ ተማረች፣ ዜግነት አገኘች።

አሁን ወደ አክብሮቱ ልምጣ፣ እንግሊዝኛው ጨርሶ የማያውቀው ነገር ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ሁሉንም «እሳቸው» አለ። ውጤቱ «ክብርት ሚኒስትሯ በሦስት ዓመታቸው ታዝለው...» የሚል ሆነና አንዲት መምህርት ስታነብ ሳቀች። ሁሉን «እሷ» ሳደርገው ደግሞ «ሚኒስትር ሆነች፣ አምባሳደር ሆነች» የጎረቤት ልጅ ወሬ መሰለ። የወሰንኩት እንዲህ ነው። ልጅነቱ «ሕፃኗ» እና «ልጅቷ» እየተባለ በ«እሷ» ይሄዳል። አንቀጽ ይዘጋል። አዲሱ አንቀጽ ማዕረግ ይዞ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ «እሳቸው» ነው። በአንድ አንቀጽ መሐል ከቀየራችሁ ሁለት ሰው ይመስላል። ለዶክተር ሐምሊን ይህ አላስፈለገም፤ ታሪካቸው ለእኛ የሚጀምረው ሐኪም ሆነው ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር በ1951 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲደርሱ ነው። አዋላጅ ነርሶች ሊያሠለጥኑ ለሦስት ዓመት ተቀጥረው መጡ፤ እሳቸው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆዩ።

የእሳቸው ሰሌዳ ላይ አንድ አንቀጽ አራት ጊዜ ተጽፏል። ፌስቱላ ምን እንደሆነ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ወንዶችም በሚያነቡበት ግድግዳ ላይ፣ ሳያሳፍር ግን ሳይሸፋፈን መጻፍ ነበረበት። «የማህፀን ችግር» ብሎ ማለፍ ምንም አይናገርም። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «ምጥ ሐኪም ሳያይ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት በሽንት ፊኛና በመውለጃው መንገድ መካከል ያለውን ስስ ሥጋ ከአጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። በቀዶ ጥገና ይድናል።» መጨረሻዋን አጭር ዓረፍተ ነገር ማውጣት አይቻልም፤ እሷ ከሌለች ሰሌዳው ሰው ያስፈራል እንጂ ሆስፒታል አይልክም። ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ናቸው፤ ለእኛ ቅርቡ የሐምሊን ማዕከል ባሕር ዳር መሆኑንም ጨመርኩ። ለአንባቢ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ኅትመቱን በአጭሩ። ሰሌዳው 60 በ84 ሳንቲ ሜትር፣ ጽሑፉ ከ250 ቃል የማይበልጥ፣ የፊደል መጠን 32፣ ርዕስ 90። መጀመሪያ 400 ቃል በ22 አሳትሜ ነበር፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ «ጨ» እና «ጬ» አይለዩም፣ ማንም ቆሞ አላነበበም። ፎቶው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ቢያንስ 1,200 ፒክስል ይፈልጋል፣ የባለቤቱን ፈቃድም ጭምር። ፋይሉን በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ጽፌ ወስጄ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው ሁሉ ምልክትና ቁጥር ነበር፤ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ፒዲኤፍ አድርጋችሁም ውሰዱ። የሚያብረቀርቅ ባነር አትምረጡ፣ የመስኮት ብርሃን ግማሹን ያጠፋዋል። ፎም ላይ የተለጠፈ ደብዛዛ ስቲከር ይሻላል፤ ማዕከሉ ከወለል 1 ሜትር ከ45 ላይ ይዋል።

ከግርጌ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተዉ፣ በክር የታሰረ እርሳስም አንጠልጥሉ። አምቦበርን የሚያውቅ ሰው ያልፋል፣ የሚያርመው አያጣም። የጎንደር ክረምት ደግሞ ግድግዳውን ያላባል፤ ሰሌዳውን በቀጥታ ከመለጠፍ ከኋላው ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የእንጨት ጠርዞች አድርጋችሁ ስቀሉት፣ አየር ይግባበት። የእኔው የመጀመሪያው ሰሌዳ ነሐሴ ሳይጋመስ ተላጠ።